በእንግዳ ፊት የቀመስኩት አፈር

ልጄ አፈሩን በፌስታል ይዛ የገባችው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እንግዳ ተቀምጦብኝ። እንግዳዋ የእጮኛዋ እናት ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ ነው የምላቸው። ልጃቸው ሽማግሌ ሊልክ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ «ቤታችሁን ልይ» ብለው ከቤቴል ድረስ መጥተው ሻይ አቅርቤላቸው ነበር። እንዲህ ያለ እንግዳ ዓይኑ የት የት እንደሚዞር አውቃለሁ። መጋረጃው ንጹሕ ነው ወይ፣ ጣሪያው ያፈሳል ወይ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ የማን ነው። ከጠዋት ጀምሬ ስጠርግና ስወለውል ነው የዋልኩት። መወልወል ያልቻልኩት ዘሬን ብቻ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ኮልፌ ገበያ ላይ ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ እየሸጥኩ ነው ልጄን ለዲግሪ ያበቃኋት። ይህን የምጽፈውም እሷ ስለነዘነዘችኝ ነው። «ጻፊው እማዬ፣ ካልጻፍሽው ነገ ታስተባብዪዋለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አስተባብላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተባብል ነው የኖርኩት።

ልጄ ዓለም ባንክ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ታስተምራለች። በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ከፑዌብሎ ሕዝቦች ሌላ ወሬ አልነበረም። እያንዳንዱ ክፍል አንድ የዓለም ሕዝብ አጥንቶ በወላጆች ቀን እንዲያሳይ ታዟል፤ እጣ ሲወጣ ለሷ ክፍል እነሱ ደረሷት። ስማቸውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ነጮቹ ከመድረሳቸው ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ፣ ዝናብ በማይበዛበት ደረቅ አገር ላይ በቆሎ እየዘሩ የኖሩ ናቸው አለችኝ። አንድ ሕዝብም አይደሉም፤ ብዙ መንደር ናቸው፣ ቋንቋቸውም ይለያያል። ፑዌብሎ ያሏቸው ስፔኖች ናቸው፤ መንደር ማለት ነው።

«እነሱ ግን እያንዳንዱ መንደር ራሱን የሚጠራበት የራሱ ስም አለው» አለች።

ሌላ ሰው የሚያወጣልሽን ስም እኔ አውቀዋለሁ ብዬ በሆዴ አሰብኩ። በአፌ ግን «ሽንኩርቱን ክተፊልኝ» ነው ያልኳት።

ቤታቸውን በስልኳ አሳየችኝ። ጭቃ ቤት ነው። ጭድ የገባበት እንደኛው ጭቃ፣ ግን አንዱ ቤት በሌላው ላይ ደርብ በደርብ ሆኖ። ላይኛው ቤት የሚወጣው በመሰላል ነው፤ ድሮ ጠላት ሲመጣ መሰላሉን ወደ ላይ ይስቡት ነበር።

«ይሄማ የኛው ቤት ነው፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶት» አልኳት።

ሳቀች። ግድግዳውን የሚለስኑት ሴቶቹ ናቸው አለችኝ። በአንዳንዱ መንደር ቤቱ ራሱ የሴቷ ነው፤ ባል ነው ወደ ሚስቱ ቤት የሚገባው። አልስማማ ካሉ ዕቃውን ደጅ ታወጣለታለች፣ እሱም አንስቶ ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል።

«ሽማግሌ የለ፣ ፍርድ ቤት የለ?»

«የለም።»

«እና ይሄንን ነው ለሰው ልጆች የምታስተምሪው? ወላጆቹ ይከሱሻል።»

እስከዚያ ድረስ ወሬው ደስ ይለኝ ነበር። ልክ ስለ ሸክላቸው ማንበብ ስትጀምር ግን ዝም ማለት ጀመርኩ። ሴቶቹ ገንቦ ሠሪዎች ናቸው። ያለ መዘውር፣ ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ እየደራረቡ ይሠሩታል፤ መሬት ላይ በኩበት ይተኩሱታል። ልጄ ይህንን በተማሪዎቿ ልታሠራ ፈለገች። በመጀመሪያው ሳምንት ሞከሩ፣ የሁሉም ሲደርቅ ተሰነጠቀ። ለዚህ ነው ያን ቅዳሜ ሌላ አፈር ይዛ የመጣችው፤ ዓለም ባንክ ለሕንፃ መሠረት ከሚቆፈርበት ቦታ ለምና ነው ያገኘችው።

እትዬን ስማ ሰላም ካለች በኋላ እግሬ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ፌስታሉን ፈታችው። «ይሄኛው ጥሩ ይመስላል አይደል?» አለች፤ ለኔም ለእትዬም አይደለም፣ ለራሷ ነው።

በአንድ እጄ የሻይ ብርጭቆ ይዣለሁ። በሌላው እጄ ከአፈሩ ቆንጠር አደረግኩ፤ በጣቴ አሸት አደረግኩት፤ ምላሴ ጫፍ ላይ አስቀምጬ በፊት ጥርሴ ነከስ አደረግኩት። ማንም አላዘዘኝም። ሳላስበው ነው እጄ የሄደው።

«ይሄማ ዋልካ ነው» አልኩ። «ጥርስ ላይ ምንም አይንቀጫቀጭም። አሸዋ ወይ የተፈጨ ገል ካልገባበት መቶ ጊዜ ብትሠሩትም ይሰነጠቃል።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ምነው እጇን ባሰረው። ጮክ ብላ አነበበችው፤ የፑዌብሎ ሸክላ ሠሪ ሴት ጥሩውን አፈር ከመጥፎው የምትለየው ቀምሳ ነው። የተሰበረ የድሮ ገንቦ ገል ፈጭታ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ታቦካዋለች፤ የእናቷና የአያቷ ገንቦ በአዲሱ ውስጥ አለ ማለት ነው።

«እማዬ፣ አንቺ ይሄን ከየት አወቅሽው?»

እትዬ ብርጭቆአቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ገና ግማሽ ነበር።

«እኔ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እኛም አገር አፈር የሚቀምሱ ነበሩ። ከወንዙ ማዶ፣ ለብቻቸው ነበር የሚኖሩት።»

«እኔ ገበያ ላይ ነው የለመድኩት» አልኩ። ገበያ ላይ ማን አፈር ይቀምሳል? ቅመም ነው የሚቀመሰው። እትዬም ይህን አላጡትም። ታክሲ ሰልፍ ሳይበዛ ልሂድ ብለው ተነሱ። ሲወጡ ጉንጬን ሳሙኝ፤ ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ነበር፣ ያን ቀን አንድ ጊዜ ነው።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አያቴም። አገሬ ደቡብ ምዕራብ ነው። እዚያ ሸክላ የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። እዚህም ቢሆን ሲባል ሰምቻለሁ። እናቴ ገበያ ወጥታ ድስት ስትሸጥ ሴቶቹ ከእጇ አይቀበሏትም፤ «መሬት አስቀምጪው» ይሏትና ከመሬት ያነሱታል። ልጅ ያዘለች ሴት እናቴን ስታይ ነጠላዋን በሕፃኑ ፊት ላይ ትጥላለች። ያንኑ ድስት ቤቷ ወስዳ ግን ወጥ ትሠራበታለች። ይሄ ነገር ልጅ ሆኜም አልገባኝም፣ አሁንም አልገባኝም። እጃችን ከሠራው ውስጥ ይበላሉ፤ ከኛ ጋር ግን አይበሉም።

ባለቤቴ የገበሬ ልጅ ነበር። እኔን ላግባ ስላለ አባቱ ከቤት አስወጡት፤ እናቱ ሲሞቱ እንኳን ለቅሶ እንዳይደርስ ተላከበት። አዲስ አበባ ገባን፤ ኮልፌ ቀራንዮ የሚያውቀን የለም። ሰው ሲጠይቅ «ሚስቴም የገበሬ ልጅ ናት» ይል ነበር። እኔም ጭቃ ሳልነካ ኖርኩ። ቤታችን ሲለሰን እንኳን ሰው ቀጥሬ ነው ያስለሰንኩት፣ እጄ እንዳያሳብቅብኝ። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ውሸቱን ግን ለኔ አስረክቦኝ ነው የሄደው፣ እኔም ለልጄ ሳይቀር ጠበቅኩት።

ያን ምሽት ለልጄ ነገርኳት። ነገርኳት አይባልም፤ ተቆጣኋት።

«በሰው ፊት ምን አስነበበሽ?»

«ምን አውቄ እማዬ? ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሁሉን ሰምታ ስትጨርስ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዓይኗ በራ። ፑዌብሎዎች ጋ ሸክላ ሠሪ ሴት ገንቦዋ ሥር ስሟን ትጽፋለች አለችኝ፤ ከሩቅ አገር ሰው እየመጣ ይገዛታል፤ አፈሩን ከመሬት ስታነሳ እንኳን ጸልያ፣ አመስግና ነው።

«እዚያ ነዋ» አልኳት። «እኔ የምኖረው እዚህ ነው።»

«እነሱም ተንቀዋል። ልጆቻቸውን እየወሰዱ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብተው፣ ፀጉራቸውን ቆርጠው፣ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ይቀጧቸው ነበር። አሁንም በብዙ መንደር ሥርዓታቸው ላይ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ለውጭ ሰው የማይነግሩት ነገር አላቸው።»

«ያፍሩበታል?»

«አያፍሩም። የራሳቸው ስለሆነ ነው።»

ይሄ መልሷ ሦስት ቀን አናደደኝ። እኔም የማልነግረው ነገር አለኝ፤ ግን የራሴ ስለሆነ አይደለም፣ ስለምፈራ ነው። ልጅ ተምሮ ሲመጣ እናቱ የማትችለውን ነው የሚያስተምራት።

ሰኞ እጮኛዋ ደወለ። እናቱ «የሽማግሌው ቀጠሮ ትንሽ ቢቆይ» ብለዋል። ልጄ ስልኩን ዘግታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«ምን አለ?» አልኳት።

«እሱ ግድ የለኝም ነው የሚለው።»

«ግድ የለኝም ማለት ምን ማለት ነው? ነገ ልጅ ትወልዳላችሁ። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ጡት እምቢ ይላል። ያን ጊዜ ዘመዶቹ ማንን ነው የሚያዩት? አንቺን ነው። በላችው ነው የሚሉሽ። የገዛ ልጅሽን።»

«ሐኪም ቤት እንወስደዋለን እማዬ» አለች።

ሐኪም ቤት። ዘነበወርቅ ሰፈር ሐኪም ቤት ከተሠራ ስንት ዘመኑ ነው። ሰው ግን ከሐኪም ቤት እንደወጣ ለጎረቤቱ ማን በክፉ ዓይን እንዳየው ነው የሚያወራው። የምፈራው ይህንን ነው። ሠርጉ ቢቀር ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል። ሠርጉ ሆኖ በኋላ ቢያውቁ ግን እኔ የምደርስላት እንዴት ነው?

ሐሙስ ዕለት ኮረሪማ ቋጥሬ ወደ ቤቴል ሄድኩ። እትዬ ራሳቸው በሩን ከፈቱልኝ። ከጓዳ የሽሮ ሽታ ይመጣል፤ እሳት ላይ የተጣደው የሸክላ ድስት ነው፣ ከንፈሩ ላይ ትንሽ ተሸርፏል። ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።

«ተቀመጪ» አሉኝ።

«ሳልቀመጥ ልናገር እትዬ። ያን ቀን ያሰቡት ልክ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ልጄ አታውቅም ነበር፤ እኔ ነኝ የደበቅኋት።»

ድስቱ ተንፈቀፈቀ፤ ገብተው አማስለው መጡ።

«እኔ እንኳን በዚህ አላምንም» አሉ። ባያምኑ ኖሮ ቀጠሮው ለምን ይራዘማል? ይህን አልጠየቅኩም። «ወንድሜ ነው ችግሩ። የልጄ አባት ስለሞተ ትልቁ እሱ ነው፤ ሽማግሌ ሆኖ የሚመጣውም እሱ ነው። ዘር ሳይቆጥር አይቀመጥም። ቀጠሮው በቀኑ ይሁን። አንቺ ገበሬ ነን ብለሻል አይደል? እንዳልሽው በይ።»

«ልጄ አልዋሽም ብትልስ?»

«ልጅሽን አንቺ ያዢያት። ወንድሜን እኔ እይዘዋለሁ።»

ኮረሪማውን ከእጄ ተቀበሉኝ። መሬት አስቀምጪው አላሉም። እኔም ለዚህች ስንት አመሰገንኩ፤ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የተናደድኩት። ሰው ከእጄ ስለተቀበለኝ የማመሰግነው ምን ስለሆንኩ ነው? ደግሞስ ውሸቱ የኔ ብቻ ነበር፤ አሁን የሁለታችን ሆነ።

ልጄ ስትሰማ «እኔ አልናገርም፤ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም» አለች። ይህንንም ብላ ወዲያው ስለ ፑዌብሎዎቹ ታወራልኝ ጀመር፤ ለፈተና እንደማጠና። ስፔኖቹ ሃይማኖታቸውን ከልክለው፣ የጸሎት ዕቃቸውን አቃጥለው፣ መሪዎቻቸውን ገርፈው ነበር። ታዲያ ከሦስት መቶ ምናምን ዓመት በፊት መንደሮቹ ሁሉ በአንድ ቀን ሊነሱ በምሥጢር ተስማሙ። ሯጮች ከመንደር መንደር የተቋጠረ ገመድ ይዘው ሄዱ። በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ የመጨረሻው ሲፈታ ሁሉም ይነሳሉ።

«ተነሱ?»

«ሯጮቹ ተያዙ። ምሥጢሩ ወጣ። ስለዚህ ቋጠሮው እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ ቀድመው ተነሱ። ስፔኖቹንም አባረሯቸው፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል አልተመለሱም።»

«በኋላ ግን ተመለሱ?»

«ተመለሱ። ግን እንደ በፊቱ አልሆነላቸውም።»

የሽማግሌው ቀን አሥር ቀን ቀርቶታል። የኮረሪማ ከረጢት የማስርበትን ሲባጎ አንስቼ አሥር ቋጠሮ ቋጠርኩበት፤ ማንም በማያይበት፣ እንደ ሕፃን። ጠዋት ጠዋት አንድ እፈታለሁ። ጭንቀት ሲበዛብኝ ሁለት ልፈታ እልና እተወዋለሁ።

በመካከሉ አፈሩን አስተካከልኩላት። በሩን ዘግቼ፣ የተሰበረ የራሴን ድስት ወቅጬ፣ በወንፊት ነፍቼ ከዋልካው ጋር አቦካሁት። ከስንት ዘመን በኋላ ጭቃው ጣቴ መሐል ሲገባ እጄ አልረሳም ነበር፤ ይህም አናደደኝ። ኩበቱን እንዴት እንደምትከምር፣ ነፋስ ከየት በኩል እንደምትከልል ነገርኳት። ትምህርት ቤት ነይ ብትለኝ ግን እምቢ አልኩ። ዓርብ ዕለት ስትመለስ ከሠላሳ ምናምን ገንቦ ሦስት ብቻ ነው የፈነዳው አለች። አንዱን ትንሽ ገንቦ ይዛ መጥታ ቡፌው ላይ አስቀመጠችው። አነሳሁት። መልሳ አስቀመጠችው። ቅዳሜም አነሳሁት። እሑድ ጠዋት ተመልሶ እዚያው ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ከኔ ወገን የዕድራችን ሊቀመንበር ተቀምጠዋል። የመጨረሻዋ ቋጠሮ ኪሴ ውስጥ አለች፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ነው የምፈታት ብዬ ነበር። እንደ ደንቡ ሦስቱም አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ በዕድሜ የገፉት «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው» አሉ። የእትዬ ወንድም ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«መቼም ዘመድ መሆናችን ነው» አሉ። «እስኪ እንተዋወቅ ብለን ነው እንጂ ለሌላ አይደለም፤ የእናት ወገን—» አሉና ዓይናቸው ቡፌው ላይ ሄደ። ገንቦውን አዩ። ቀጥለው እኔን።

በሩ ጋ የቆመችው ልጄ አፏን ልትከፍት ስትል አየኋት። እሷ ከተናገረች ነውሩ የሷ ይሆናል። ስለዚህ ቀደምኳት።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች» አልኩ። «አያቴም። ያ ገንቦ የተቦካው በኔ እጅ ነው። ልጄን ይህን ደብቄያት ነው ያሳደግኳት። ይህን ሰምታችሁ የምትፈልጓት ከሆነ ተቀመጡ።»

ሲባጎውን ኪሴ ውስጥ ጨብጬዋለሁ፤ ቋጠሮዋ አልተፈታችም። ትልቁ ሽማግሌ የዕድራችንን ሊቀመንበር አዩ፣ ሊቀመንበሩ ወለሉን አዩ።

«እኛ የተላክነው ልጅቷን እንድንጠይቅ ነው» አሉ ትልቁ በመጨረሻ፣ ደክሟቸው እንደሆነ ሁሉ። «ልጅቷ ምን ትላለች?»

«እሺ ብያለሁ» አለች ልጄ።

ተቀመጡ። መጀመሪያ ትልቁ፣ ቀጥለው ሁለተኛው። የእትዬ ወንድምም ተቀመጡ፤ ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ። ምሳ ቀረበ። ሁለቱ በሉ። እሳቸው ሳህናቸውን አልነኩም።

«ይቅመሱ እንጂ ጋሼ» አልኳቸው።

«ፆም ላይ ነኝ።»

እሑድ ነው፤ ወሩም የፆም ወር አይደለም። የኛ ሊቀመንበር ጉርሻቸውን በዝግታ አላመጡ።

ማታውኑ እትዬ ደወሉ። «ምን ሆነሽ ተናገርሽ? ተነጋግረን አልነበር?» አሉኝ። ወንድማቸው ወደ ሠርጉ እግራቸውን እንደማያነሱ ተናግረዋል። ቀኑ ግን ተቆርጧል፤ ልጃቸው አልመለስም ብሏል። «አሁን እኔ ወንድሜን ላጣ ነው» አሉ። ይቅርታ አልኳቸው፤ ለምን ይቅርታ እንዳልኩ አላውቅም። እኔ ላጣኋቸው ዘመዶች ማን ነው ይቅርታ ያለኝ?

ፍርሃቴም አልሄደም። የልጅ ልጅ ተወልዶ አንድ ቀን ትኩሳት ሲይዘው ማን ምን እንደሚል ገና ከአሁኑ እሰማዋለሁ። እንደ ልጄ አይደለሁም፤ ስለተናገርኩ አልቀለለኝም።

ያን እሑድ እንግዶቹ እንደሄዱ ያልተነካውን የጋሼን ሳህን ወደ ጓዳ ይዤው ገባሁ። የፋብሪካ ሳህን ነው፣ ጠርዙ ላይ አበባ ያለበት፤ ለዚያ ቀን ብዬ ከጎረቤት የተዋስኩት። ወጡ የተሠራው በሸክላ ድስት ነው፤ የእህታቸውም ቤት ወጥ እንደዚያው ነው። ልጥለው ስል ልጄ ከእጄ ተቀበለችኝና ቆማ፣ እስከ መጨረሻው ጉርሻ በላችው።